ፈር ቀዳጇ ባለሙያ

ገበሬ የሚመክር ባለሙያ ሁለት ዓይነት ነው፤ ወድቆ የተነሣና ገና የሚወድቅ። ሦስተኛ ዓይነት አለ የሚላችሁ ካለ፣ እሱ ከቢሮ ወጥቶ የማያውቅ ነው።

እኔ እስካለፈው ሰኔ ድረስ ከሁለተኛዎቹ ነበርኩ። ሥራዬ ቡራዩ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎችን ማማከር ነው። ምክሬም አጭር ናት፤ ተዳፋቱን ቁልቁል ሳይሆን አግድም እረሱ፤ ወንዙ አፍ ድረስ አትረሱ፤ ዳር ዳሩን አሥር እርምጃ ያህል ሣር ተዉለት። ሣሩ አፈራችሁን ያስቀርላችኋል፤ ውሃውም ጠርቶ፣ አዲስ አበባ የምትጠጣው ገፈርሳ ግድብ ይገባል። እስቲ ይህን የሚቃወም ሰው ይገኛል?... ተገኘ። ኦቦ ጉርሙ!

ኦቦ ጉርሙ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ከወንዙ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ገብስ የሚዘሩ ሽማግሌ ናቸው። ሦስት ጊዜ ሄድኩባቸው። ሦስት ጊዜም እርጎ አጠጥተው ሸኙኝ።

በአራተኛው፣ «ኦቦ፣ አፈርዎን እኮ ጎርፍ እየወሰደ አዲስ አበባ እያስገባው ነው!» አልኳቸው።

«አዲስ አበባ መሬቴን ትወስዳለች ሲባል እሰማ ነበር፤ በብርጭቆ መሆኑን ግን አልነገሩኝም» አሉ።

ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ ሥራ ላይ ነበርኩ።

«ኢንተላ ኮ» አሉ ኦቦ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም። በሬዎቹ እንደተጠመዱ ናቸው፤ በይ አሳዪን።»

እዚህ ላይ ብልህ ሰው «ኧረ እኔ አራሽ አይደለሁም» ይላል። እኔ በዲግሪዬ ተማምኜ እርፉን ያዝኩ። አዴ ጫልቱ «ሴት ስታርስ አይቼ አላውቅም» ብለው በርጩማ አምጥተው ተቀመጡ።

በሬዎቹ ቦራና ዳማ ይባላሉ። የመጀመሪያዎቹን አምስት እርምጃዎች ልክ በመጽሐፉ እንዳለው አግድም ሄድን። ይህችን ያዙልኝ! ከዚያ ቦራ ዞር ብሎ ወንዙን አየ። ረፋዱ ሞቆ ነበር፤ የጠማው በሬ ደግሞ የአፈር ጥበቃ መመሪያ አያነብም። «ቁሙ!» ብዬ ጮኽኩ። የኦቦን ኦሮምኛ እንጂ የእኔን አማርኛ አልለመዱም፤ ጩኸቱን ብቻ ሰምተው ፈጠኑ። እርፉን መልቀቅ ነበረብኝ፤ ኩራት ይዞኝ አልለቀቅኩም። ማረሻው መሬቱን እየሰነጠቀ፣ እኔም እየተጎተትኩ፣ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ፈር አውጥተን ወንዙ ውስጥ ገባን። ፈር ቀዳጅ ሲባል የምትሰሙት እኔ ነኝ።

ቦራ ጠጣ። ዳማ ጠጣ። እኔም ሳልፈልግ ትንሽ ጠጣሁ።

ኦቦ ጉርሙ ፈሩን ከላይ እስከ ታች በዓይናቸው ለኩት። «አግድም የሚባለው ይሄ ነው?»

በሦስተኛው ቀን ያ የሰኔ ዝናብ ወረደ። ሲያባራ ፈሬን ፈርቼ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ስደርስ ፈርነቱ ቀርቶ ጉልበት የሚውጥ ቦይ ሆኗል። አፈሩን እያየሁ ልቤ ተሰበረ፤ የሰው ማሳ እኮ ነው። አዴ ጫልቱ ከታች ከወንዙ የቀዱትን ቢጫ ጀሪካን ባላቸው እግር ሥር አስቀምጠው፣ በጣሳ ቀድተው ሰጧቸው። ውሃ አይምሰላችሁ፤ ከአፈሩ ብዛት አጥሚት ሆኗል።

«ይጠጡ» አሏቸው።

«ይሄ እኮ የእሷ ፈር ያመጣው ነው!» አሉ ኦቦ በጣታቸው እያሳዩኝ።

«የእሷ አንድ ነው። የእርስዎ ስንት ነው?»

ኦቦ ጉርሙ ቀና ብለው ዕድሜ ልካቸውን ቁልቁል ያረሱትን ተዳፋት አዩ። ከዚያ ጣሳውን ሳይጠጡ መለሱ። የይቅርታ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ የሚሰማኝ አጣሁ።

በማግስቱ ኦቦ አግድም ማረስ ጀመሩ። አዴ ጫልቱ የወንዙን ዳርቻ አሥር እርምጃ ራሳቸው ለክተው ድንጋይ አኖሩበት። ተናደው ስለተራመዱ አሥራ አራት ያህል ሆነ፤ አልተከራከርኩም። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ድንጋይ ተሸክሜ ቦዬን ስደፍን፣ ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ማን እንዳረሰው ይጠይቃል። ኦቦም አንድ ነገር ሳይደብቁ ይነግሩታል።

በወሩ ከኮረብታው ማዶ አንድ ሽማግሌ ቢሮአችን መጡ። እነሱ ሰፈር እግሬ ደርሶ አያውቅም።

«እኛም አግድም አርሰናል፤ ለወንዙም ሣር ትተንለታል» አሉ።

አለቃዬ ደስ አለው። «ታዲያ ምን እንርዳችሁ፣ አባቴ? ባለሙያ እንላክ?»

ሽማግሌው ወደ እኔ ገልመጥ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እንዳትልኳት ብዬ ነው የመጣሁት።»