የኮርማው ሬዲዮ ደወል

ሰው ለልጁ ስም ሲያወጣ ይጨነቃል፤ ለሬዲዮ ጣቢያ ስም የሚያወጣው ሰው ግን ሳይስቅ የሚውል አይመስለኝም። ካምፓላ ውስጥ የሬዲዮ ቁልፍ ጠምዘዝ ካደረጋችሁ አንዱ መብረቅ ነኝ፣ ሌላው አውሎ ነፋስ ነኝ ሲል ትሰማላችሁ። እኔ የማወራችሁ ግን ኮርማ ነኝ ስላለው ነው። ጣቢያው ከወደ ምዕራብ፣ ቀንዳቸው ከቁመታቸው የማይተናነስ ከብቶች ከሚረቡበት አገር የሚነሳ ነው። ሥራው ደግሞ ቀኑን ሙሉ የካንትሪ ሙዚቃ ማጫወት ነው፤ ያንን የአሜሪካ ባላገር ጊታሩን አቅፎ የሚያለቃቅስበትን ማለቴ ነው። ኡጋንዳውያን ነፍሳቸው ነው። ለምን ብዬ ስጠይቅ ማንም አስረድቶኝ አያውቅም፤ ይልቅ ጠያቂውን ያዝኑለታል።

ይህ ሬዲዮ አድማጩን አድማጭ አይለውም፤ መንጋ ነው የሚለው። ስቱዲዮው በረት፣ አቅራቢው እረኛ ነው። ማስታወቂያ ሲደርስ "አሁን ትንሽ እናመንዥክ" ይባላል። ደውሎ ዘፈን ላስመረጠ ሰው እንደ ከብት የጆሮ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ኮርማ ባርኔጣ ደፍቶ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ ሣር የሚያኝክበት ተለጣፊ ሥዕልም ይላክለታል። እናንተን ሰው በአደባባይ ከብት ቢላችሁ ምን ትሆናላችሁ? እዚህ አገር ሰው ለዚህ ወረፋ ይይዛል።

ጋሽ ተፈራ ዘጠና አንድ ቁጥር ነበሩ።

ጋሽ ተፈራ ከአገር ቤት የጭነት መኪና እየነዱ መጥተው፣ መኪናዋ አልነሳም ስትላቸው እዚሁ የቀሩ፣ ንቲንዳ ሰፈር ውስጥ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጡ ሰው ናቸው። ናቸው አልኩ? ነበሩ። እስካሁን አፌ አለመደውም። እኔ ዛሬ ኮሎሎ አንድ የእርዳታ ድርጅት ቢሮ ውስጥ ክራቫት አስሬ ወረቀት ባገላብጥም፣ ካምፓላ የገባሁ ዕለት አልጋ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ሲሆን ሱቃቸውን ገርበብ አድርገው ወደ ኮርማው ሬዲዮ ይደውሉ ነበር። እረኛ ጆን የሚባለው አቅራቢ "ዘጠና አንድ! ሐበሻው ኮርማ!" ብሎ ይጮኻል። ጋሽ ተፈራም በዚያ በሾፌር እንግሊዝኛቸው ለባለቤታቸው ለእትዬ ብርቄ ሁልጊዜ ያንኑ አንድ ዘፈን ያስመርጣሉ። እትዬ ብርቄ ኪዋቱሌ ቤታቸው ሆነው ይሰማሉ። እንግሊዝኛው እምብዛም አይገባቸውም፤ ዘፋኙንም "ያ ጥርሱን ያመመው" ነው የሚሉት። ግን አንድ ቅዳሜ አሳልፈው አያውቁም። ባላቸው ቤት ውስጥ በሳምንት ከሚናገሩት፣ በሬዲዮ በሦስት ደቂቃ የሚናገሩት ይበልጥ ነበርና።

ባለፈው ዝናብ ጋሽ ተፈራ ታመው ሆስፒታል ገቡ። እትዬ ብርቄ ከአልጋው ሥር አልነሳም ብለው ሁለት ሳምንት ከረሙ። አርብ ዕለት ግን ራሳቸው ሊወድቁ ሲሉ፣ እባክዎ አንድ ቀን እንኳን ይረፉ ብለን በግድ ወደ ቤት ሸኘናቸው። ሲወጡ ጋሽ ተፈራ ከትራሳቸው ቀና ብለው "ነገ ሬዲዮኑን ክፈቺ፤ ከዚሁ ከአልጋዬ እደውላለሁ" አሏቸው። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አረፉ። አጠገባቸው የነበርኩት እኔ ነኝ።

እንግዲህ የእኛን ጠባይ ታውቁታላችሁ። መርዶ እንደ ደብዳቤ በበር ሥር አይወረወርም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ማን ይናገር፣ ማን ይያዛት ተብሎ ይመከራል፣ ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል። እስከዚያ ድረስ ሟች "ተሽሎታል" ነው የሚባለው። የማኅበራችን ሰብሳቢ አቶ ግርማ እዚያው ሆስፒታሉ ግቢ ቆመው ወሰኑ፤ አንዲት ልጃቸው ሄለን ማታ ከናይሮቢ ትገባለች፣ እሁድ ንጋት ላይ እናትና ልጅ ባሉበት ይነገራቸዋል።

"ብርቄ ብቻዋን ሆና እንዳትሰማ" አሉ፣ ጣታቸውን እኔ ላይ ቀስረው። "ልቧ ደካማ ነው። ሁለት ቀብር እንዳይሆንብን።"

እምልላችኋለሁ፣ ለአንድም ሐበሻ ትንፍሽ አላልኩም።

ስምንት ሰዓት ላይ ኪሴ ውስጥ ስልክ ጮኸ። ነርሷ ከመነጽራቸውና ከሹራባቸው ጋር ያስረከበችኝ የጋሽ ተፈራ ስልክ ነበር። አነሳሁት። እረኛ ጆን ነው። ያለፉትን ሁለት ቅዳሜዎች አልደወሉ፣ ዛሬም ዝም አሉ፣ ዘጠና አንድ የት ጠፋብን አለኝ። አሁን እኔ ለእትዬ ብርቄ የምዋሸውን ውሸት ከጠዋት ጀምሮ ስለማመድ የዋልኩ ሰው፣ ለማላውቀው ሰው ደግሞ ምን ብዬ ልዋሽ? መርዶ የሚደበቀው ከዘመድ ነው። ደግሞ እስከዚያ ሰዓት አላለቀስኩም ነበር። "ዛሬ ጠዋት አረፉ" አልኩት በእንግሊዝኛ፣ ድምፄ እየተቆራረጠ። "ንጋ ኪታሎ" አለኝ፤ እዚህ ሐዘንተኛ የሚጽናናበት ቃል ነው። ደግ ሰው ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ደግ ሰውም ነበር፤ ጣጣው የመጣው ከዚያ ነው።

በዚህ አገር ሞት አይደበቅም። ሰው ሲሞት ስሙና የቀብሩ ቦታ ወዲያው በሬዲዮ ይነገራል፤ ዘመድ ከያለበት ተሳፍሮ የሚመጣው ያንን ሰምቶ ነው። መደበቁ ነው ነውሩ። ይህንን ስንት ዓመት በየታክሲው ስሰማ ኖሬአለሁ፤ የጠፋኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

"ተሽሎታል" ልል በኮንትራት ታክሲ ወደ ኪዋቱሌ እየሄድኩ ሳለ፣ ሾፌሩ የከፈተው ዘፈን ድንገት ተቋረጠ። አንድ የከብት ደወል፣ ያ ላም አንገት ላይ የሚንጠለጠለው፣ አንዴ ብቻ ተመታ። "ከመንጋችን አንድ ጎደለ" አለ እረኛ ጆን። "ዘጠና አንድ፣ ሚስተር ተፈራ፣ የንቲንዳው።" ከዚያ ያንን ዘፈን ለቀቀው። ሾፌሩ ለማያውቃቸው ሰው ኮፍያውን አወለቀ። እኔ ግን ጆሮዬ ውስጥ የነበረው "ነገ ሬዲዮኑን ክፈቺ" የሚለው ነው። መንገዱ እንደ ቅዳሜነቱ ተዘጋግቷል። ከታክሲው ዘልዬ ወርጄ አንድ ቦዳ አስቁሜ፣ ከሞተረኛው ኋላ ተፈናጥጬ፣ እትዬ ብርቄ ወለል ላይ ተዘርረው እየታዩኝ ደረስኩ።

በሩን የከፈቱልኝ ራሳቸው ናቸው። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ሬዲዮኑ ኮርማው ተለጥፎበት መደርደሪያው ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል።

"ዛሬ ሬዲዮ አልከፈቱም እንዴ?" አልኩ፣ ነገሩን ቀለል ለማድረግ።

"ባትሪው አልቋል" አሉኝ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ። "እንዴት ዋለ?"

"ተሽሏቸዋል።"

"ተመስገን።"

ደስታዬን ልደብቃችሁ አልችልም። የሚወደኝ ሰው በሞተበት ቀን፣ ባትሪ በማለቁ ደስ አለኝ። እትዬ ብርቄ ወደ ጓዳ ገብተው ቆዩና፣ አጥሚት በፔርሙስ ሞልተው "ትኩሱን አድርስለት" አሉኝ። ምን ብዬ አልቀበል? ንቲንዳ ስደርስ አንድ ሱፐርማርኬት ፊት ለፊት፣ ቻፓቲ በእንቁላል ጠቅልሎ ከሚሸጠው ሰው አጠገብ ተቀምጬ ራሴ ጠጣሁት። መድፋቱ አላስችል ብሎኝ ነው። ጨው በጨው ነበር፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ጨምረውበታል። የእትዬ ብርቄ እጅ እንዲህ ስቶ አያውቅም። ድካም ነው ብዬ አለፍኩት።

እሁድ ጎህ ሲቀድ ሁሉም እንደ ወጉ ሆነ። ሁለት ሴቶች ከግራና ከቀኝ ቆሙ፣ አቶ ግርማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ተነገረ። እትዬ ብርቄ ሄለንን አቅፈው ጮኹ፣ ደረታቸውን መቱ። ያ ጩኸት ቤቱን የሚያፈርስ ነበር። አቶ ግርማ በኋላ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው "ደህና አድርገን ያዝነው" አሉኝ። እኔም ምስጋናውን ተቀበልኩ።

ከአርባው በኋላ ፔርሙሱን ልመልስ ሄድኩ። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። ሄለን ወደ ናይሮቢ ተመልሳለች። እትዬ ብርቄ በጥቁር ልብሳቸው ተቀብለውኝ፣ ፔርሙሱን መደርደሪያው ላይ አስቀመጡና በዚያው እጃቸው ሬዲዮኑን ከፈቱት። እረኛ ጆን ትንሽ እናመንዥክ አለ። ያን ጊዜ ሽቦውን አየሁት። ከሬዲዮኑ ጀርባ ወጥቶ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ተሰክቷል። የባትሪ ቦታ የሚባል የለውም።

እትዬ ብርቄ የማየውን አዩ።

"ደወሉን ሰምቻለሁ" አሉ። "ዘጠና አንድ ሲል ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ አንተ ላብ በላብ ሆነህ መጣህ። ልጄ መንገድ ላይ ናት፤ እናንተም ስትጨነቁ ያሰናዳችሁት ነገር አለ። ምን ልበልህ?"

ለካ ከዚያ ሰዓት ጀምረው እስከ ንጋት፣ ሄለንንም "አባትሽ ተሽሎታል" እያሉ አስተኝተው፣ ብቻቸውን ይዘውት አድረዋል። ብቻቸውን እንዳይሰሙ ብለን ስንሯሯጥ፣ ብቻቸውን አስለቀስናቸው፤ ያውም ያለ ድምፅ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይህንኑ ልናገር አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

"አጥሚቱን ማን ጠጣው?"

"እኔ።"

"ጨው በዝቶበት ነበር?"

ሬዲዮኑ ውስጥ ያ ጥርሱን ያመመው ሰው መዝፈን ጀምሯል።

"ኧረ ልክ ነበር" አልኳቸው።

"ተመስገን" አሉ።