በትእዛዝ የተመረጡት ሊቀመንበር

አንባቢዬ፣ በትእዛዝ የሚመረጥ ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? እኔ ገጥሞኛል፤ ከአርባ ምንጭ ወጣ ብሎ ላንቴ፣ ሙዝ በምናሽግበት ድርጅት። ባልደረባችን አስካለች “የሠራተኛ ማኅበር እናቋቁም” ስላለች ተባረረች። መንግሥት በእንዲህ ያለው ነገር ከውጭ ሲወቀስ ከረመና ጉዳዩን የሚያጣሩ የውጭ አገር እንግዶች መጡ። ሥራ አስኪያጃችንም የመጋዘን ጠባቂውን ጋሽ ቶማን ጠርቶ የማኅበር ሊቀመንበር አደረጋቸው።

“መቼ ተመረጡ?” አለቻቸው ከእንግዶቹ አንዷ፣ ይዛው በመጣችው አስተርጓሚ በኩል።

ጋሽ ቶማ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ መዋሸት አይሆንላቸውም።

“ዛሬ ጠዋት።”

“ማን መረጠዎት?”

“እሳቸው” ብለው ሥራ አስኪያጁን በአክብሮት አሳዩ።

በሳምንቱ አስካለች ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ጋሽ ቶማ ግን ተባረሩ። እስከዚያ ቀን ስማችንን ወረቀት ላይ ለማስፈር የምንፈራ ሰዎች፣ “ጋሽ ቶማ ይመለሱ” ብለን ሁላችንም ፈረምን።