ጭድ ተራ ላይ የተንከባለልኩ ቀን

ቪዲዮው ሳይቀድመኝ እኔው ልናገር። ዛሬ መርካቶ መሀል የሆንኩትን ከኔ ብትሰሙት ይሻላል!

እንደምታውቁት «የመርካቶ ልጅ ነኝ፣ የእጅ ሥራ ተራዎቹን በእግር ላስጎብኛችሁ» ብዬ ፖስት አድርጌ ነበር። ማን ይመጣል ብዬ? መጡ!

አብነት አደባባይ ተገናኝተን ጀመርን። ሰፌድ የሚሰፉ እናት አየን፣ በርሜል ቀጥቅጠው ምድጃ የሚሠሩትን አየን። እኔ እንደ ሚኒስትር ከፊት ከፊት!

ለኔ ዋናው ግን መጨረሻው ነበር። አባቴ፣ አላህ ይዘንለት፣ ጭድ ተራ ፍራሽ ሰፊ ነበር። የሚሰፋበትን ቦታ ላሳያቸው ቃል ገብቻለሁ።

ቦታው የለም!

ፎቅ በቅሎበታል። «ሰይድ ፍራሽ ሰፊውን ታውቁታላችሁ?» እያልኩ ስዞር አንዱ ደላላ፣ «እህት፣ ኦርጂናል ስፖንጅ አለልሽ» አለኝ። ያን ሁሉ ዘመን የሠራበት ሰፈር፣ አባቴን የሚያውቅ አንድ ሰው ይጥፋ?

ጥቁር መነጽር ያደረገችው ጎብኚዬ ደግሞ፣ «እርግጠኛ ነሽ ግን እዚህ ነው ያደግሽው?» አትለኝም!

ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ጥጉን ስዞር አንድ ሽማግሌ የጭድ ፍራሽ ሞልተው አፉን ይሰፋሉ።

ያ ሽታ! እዚያው ቆሜ ልጅ ሆንኩ። አባቴ ፍራሽ ሞልቶ ሲጨርስ ጫማዬን ያወልቅና «ነይ እማዬ፣ ተንከባለይልኝ» ይለኝ ነበር። ከዳር እዳር ስንከባለል ጭዱ ይስተካከላል። ማታ ገላዬን ሲያሳክከኝ ያድርና ጠዋት ደግሞ ሮጬ እሄድለት ነበር። እንዴት ደስ ይል ነበር መሰላችሁ።

«ኑ፣ ላሳያችሁ!» ብዬ ሽማግሌውን አስፈቅጄ ጫማዬን አወለቅኩ።

አንደኛው ዙር፣ ጭብጨባ። ስልኮች ወጡ።

ሁለተኛው ዙር ላይ... ጎበዝ፣ ኪሎዬ የያኔው አይደለም ለካ!

ጠርርር! ስፌቱ ተተረተረ። ጭድ ፀጉሬ ውስጥ፣ ጭድ አፌ ውስጥ፣ እግሬ ወደ ሰማይ። ተሸካሚዎቹ ሸክማቸውን አውርደው ሳቁ። «ፍራሹን ገደለችው!» አለ አንዱ። ውድ ፎሎወሮቼስ? እየሳቁ ይቀርጻሉ!

ሽማግሌው ግን አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። መርፌያቸውን እንደያዙ ትክ ብለው አዩኝ።

«አንቺ፣ የሰይድ ልጅ ነሽ እንዴ?»

ጭዱን ተፋሁ። «ጋሼ፣ ያውቁታል?»

«ልጁን ፍራሽ ላይ የሚያንከባልል እሱ ብቻ ነበራ! ጎን ለጎን ነበር የምንሰፋው። ሲስቅ እኮ ዱባይ ተራ ድረስ ይሰማ ነበር።»

ቪዲዮው ላይ የማለቅሰው አፍሬ አይደለም፣ እወቁልኝ።

ጋሼ እንደገና ሰፍተው ሲጨርሱ ፍራሹን መታ መታ አደረጉት። «በይ ነይ፣ ተንከባለይ። ቀስ ብለሽ ግን!»

ባለመነጽሯም ጫማዋን አወለቀች።

ፍራሹን ገዝቼው መጣሁ። ይህን የምጽፈው እሱ ላይ ተጋድሜ ነው፣ ጀርባዬን ይበላኛል። እና እናንተ፣ አባታችሁን የሚያስታውስ አንድ ሰው ለማግኘት ስንት ፍራሽ ትተረትራላችሁ?