የካሌብ ስውር ስጦታ

[የገና ዋዜማ፣ ከአርብ ገበያ ወጣ ብሎ ባለ መንገድ። ካሌብ ሁሉን ዐዋቂ ነኝ ባይ ነው፤ ከስልኩ ያነበበውን ለሰው ካላስተማረ ምግብ አይረጋለትም። የመምህር ቀለመ ወርቅን ልጅ፣ የሻረግን፣ ሊያጭ አስቦ ለአባቷ ጋቢ ገዝቷል፤ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ጠቅልሎታል። አብሮ አደጉ ንጋቱ፣ ነገር ቶሎ አይገባውም እየተባለ የሚታማ ገበሬ፣ ስልቻ ተሸክሟል።]

ንጋቱ፦ ወረቀቱ ምን ያደርጋል? ጋቢ እንደሆን አይዝግ!

ካሌብ፦ ያልተጠቀለለ ነገር ስጦታ አይባልም አልኩህ!

ንጋቱ፦ የኔም በስልቻ ተጠቅልሏል።

ካሌብ፦ [በንቀት እየሳቀ] ሽምብራ! ለክርስትና እናትህ፣ ለገና፣ ሽምብራ! ለመሆኑ የገና ስጦታ ማን እንደጀመረው ታውቃለህ?

ንጋቱ፦ ሰብአ ሰገል ናቸዋ። ወርቅ፣ ዕጣን፣ ከርቤ...

ካሌብ፦ እሱንማ እረኛም ያውቀዋል። እኔ የምልህ ቅዱስ ኒቆላዎስን ነው። አባታቸው ደኽይቶ ሳይዳሩ የቀሩ ሦስት ልጃገረዶች ነበሩ። በመስኮት ወርቅ ወረወረላቸው።

ንጋቱ፦ ማንን ሊመታ?

ካሌብ፦ ወርቅ እኮ ነው፣ ድንጋይ አይደለም!

ንጋቱ፦ ወርቅስ ቢሆን ይፈነክት የለ?

ካሌብ፦ አይ ድንቁርና! ኋላ ፈረንጆቹ ቀይ ካባ አልብሰው በጭስ ማውጫ አስገቡት።

ንጋቱ፦ በሩ ምን ሆነ? ውሻ አላቸው?

ካሌብ፦ እንዳይታይ ነዋ! ትልቁ ምስጢር ሰጪው አለመታወቁ ነው። ይኸው የመምህር ደጅ ደረስን። እኔ ከካቡ ጀርባ እደበቃለሁ፤ አንተ ግባና ስጥልኝ። ከማን ነው ቢሉህ ትንፍሽ እንዳትል!

ንጋቱ፦ ታዲያ ያንተ መሆኑን በምን ያውቃሉ?

ካሌብ፦ መምህር የተማሩ ሰው ናቸው፤ ይገባቸዋል። እንዳንተ መሰሉህ?

[ንጋቱ ስልቻውን አስቀምጦ ገባ። ካሌብ አጎንብሶ ቀረ፤ ፀሐዩ ጀርባውን ጠበሰው፣ ወገቡ ደነዘዘ። ግን መምህር "ይህን ያሰበ ብልህ ማነው?" ሲሉ በሐሳቡ እየሰማ ብቻውን ፈገግ ይል ነበር። ንጋቱ ባዶ እጁን ወጣ።]

ካሌብ፦ እህሳ? ተቀበሉ?

ንጋቱ፦ መረቁኝ።

ካሌብ፦ አንተን? እ... ይሁን። ከማን ነው አላሉህም?

ንጋቱ፦ ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ። ሦስቴም መሬት መሬቱን አየሁ።

ካሌብ፦ ጎሽ! ከዚያስ?

ንጋቱ፦ "ይህ ልጅ አፍሮ ነው" አሉና የሻረግን ጠሯት።

ካሌብ፦ [ክው ብሎ] የሻረግን ለምን?

ንጋቱ፦ እኔንም ገረመኝ። እሷም ጠየቀችኝ፤ ዝም አልኩ። "አባባ፣ ሰጥቶ እኔ ነኝ የማይል ወንድ አለ እንዴ? እኔስ ያ ለፍላፊው ካሌብ ሽማግሌ እንዳይልክብኝ ስሰጋ ከረምኩ" አለች።

ካሌብ፦ [ካቡን ተደግፎ] የካሌብ ነው አትልም ነበር?

ንጋቱ፦ አደራ በላ ልሁን? ደግሞ እኔም የሻረግን ከወደድኳት ሁለት ዓመቴ ነው፤ አፍ ጠፍቶኝ እንጂ። መምህርም ሽማግሌ ላክ ብለውኛል።

ካሌብ፦ [ድምፁ ሰልሎ] እና... ምን ልታደርግ ነው?

ንጋቱ፦ [ስልቻውን እየተሸከመ] ሁለት አጎቶች አሉኝ፣ እነሱ ይሄዳሉ። ሦስተኛው ግን አንደበተ ርቱዕ ቢሆን ይሻላል። ለጥምቀት ማግስት ቀጠሮ አትያዝ፣ ወንድሜ።