የሀምበር ወንዝ ደጃዝማች

እግዜር በየሕንጻው ሁሉ ነገር የሚሳካለት አንድ ሰው ያስቀምጣል፤ ፊት ለፊቱ ደግሞ እሱን እያየ የሚቃጠል ሌላ ሰው። በፈረንጅ አገር፣ ሬክስዴል በሚባል ሰፈር፣ በአንድ ባለ አሥራ ሁለት ፎቅ ሕንጻ የመጀመሪያው ሰው ተማም ነበር። ሁለተኛው ገረመው።

ፋሲካ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ ዘመኑ በፈረንጆቹ ሰማንያ አምስት። ገረመው ኢቶቢኮ ካለው መጋዘን ኦቨርታይም ሠርቶ ሲገባ፣ ኤለቬተሩ ተከፈተና ከተማም ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ተማም እስከ ጉልበቱ የጎማ ቦት ተጫምቷል፤ በአንድ እጁ ረጅም እጀታ ያለው መረብ፣ በሌላው ባልዲ ይዟል። ባልዲው ውስጥ ክንድ የሚያካክሉ ዓሦች ተኝተዋል። አፋቸው ወደ ታች የዞረ፣ ከንፈራቸው ጡት እንደሚፈልግ ሕፃን የሞጠሞጠ፤ ፈረንጆቹ ሰከር የሚሏቸው ናቸው።

«ደግሞ ያዝክ?» አለ ገረመው።

«ሀምበር ሞልቷል። በረዶው ሲቀልጥ እንቁላል ሊጥሉ ሽቅብ ይመጣሉ። ድንጋይ ላይ ቆመህ መረቡን ፊታቸው መዘርጋት ነው። ቀላል ነው እኮ።»

«ቀላል ነው እኮ» የተማም አዝማች ነች። ገረመው ሦስት ጊዜ የወደቀበትን የመንጃ ፈቃድ ፈተና ተማም በመጀመሪያው አለፈና «ቀላል ነው እኮ» አለ። ሰው የጣለውን ቴሌቪዥን ከመንገድ አንስቶ፣ አንዲት ብሎን አጥብቆ ሲያስናግረውም እንዲሁ። ገረመው ንዴቱን የሚወጣው በሆዱ ማዕረግ እየሰጠው ነበር። ለመንጃ ፈቃዱ ባላምባራስ አለው፤ ለቴሌቪዥኑ ፊታውራሪ። ዓሣው ሲመጣ ደጃዝማች ተማም ዘሀምበር ብሎ ሾመው።

መንጃ ፈቃዱንና ቴሌቪዥኑን ይቅር ብሎት ነበር። ዓሣው ግን እሑዱን ወሰደበት።

እሑድ ማለት እኮ ገረመው ቤት ማለት ነበር። አገር ቤት ልብስ ሰፊ ስለነበረ ሳሎኑን በገዛ እጁ በሰፋው መጋረጃና ትራስ አሳምሮታል፤ ሰዉም ከየፎቁ ተጠራርቶ እዚያ ይውላል። ችግሩ ሥጋ ብቻ ነው። የክርስቲያኑን ሥጋ እስላሞቹ አይነኩም፣ የእነሱንም ክርስቲያኖቹ። ግማሹ ጥብሱን ሲያነሳ ግማሹ በሽሮ ይሸኛል። ከዚያ ተማም ባልዲውን ይዞ መጣ። ዓሣ ደግሞ ማን ባረከው፣ ማን አረደው አይባልም። ስድስተኛ ፎቅ፣ ተማም ቤት አንድ ትሪ ቀረበ፤ ሁሉም በአንድ ላይ እጁን ሰደደ። እሑድም በዚያው እዚያ ቀረ።

ይባስ ብሎ ተናኜ፣ የገዛ ሚስቱ፣ «የተማም ዓሣ አፍ ውስጥ ይሟሟል። አጥንት እንኳ የለውም» አለች።

«ያለ አጥንት በምን ዋኘ?»

«እሱን ተማምን ጠይቀው።»

ገረመው ተማምን ከሚጠይቅ ሀምበር ቢገባ ይመርጣል። ገባም። በሚቀጥለው ቅዳሜ መረብ ገዝቶ ወረደ፤ ሁለቴ ተንሸራቶ በቂጡ ተቀመጠ፤ ከወገቡ በታች በስብሶ አምስት ሰከር ያዘ። ቤት ሲደርስ ልብሱን ሳይቀይር ስልኩን አንስቶ ሰዉን ሁሉ ኮል አደረገ። «ነገ እኔ ጋ ነው። ዓሣ አለ።»

ቅርፊቱን ፋቀ፣ ልጋጉን በጨውና በሎሚ አጠበ፣ ሥጋውን ከጀርባው አጥንት ገንጥሎ አወጣ። የተማም ዓሣ ጎኑ በሙሉ በቀጫጭን ሰንበር የተሞላ እንደነበር ትዝ አለው። «ጉራ ነው» አለ በሆዱ። ገረመው ዓሣ ያውቃል፤ ሐዋሳ ላይ ቆሮሶ ሲጠበስ ጎኑ ሦስት ጊዜ ይበጣል፣ ጨው እንዲገባው። አራተኛው ለታይታ ነው። ስለዚህ ሦስት ሦስት ጊዜ በጣቸው።

እሑድ ሳሎኑ እንደ ድሮው ሞላ። ተማምና ሚስቱ ሀሊማም መጡ። ትሪው ቀረበ፤ ሁሉም ጎረሰ፤ ከዚያ ሁሉም ጣቱን ወደ አፉ መለሰ። ሥጋው ይጣፍጣል። ውስጡ ግን እንደ ክር የቀጠነ፣ ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀ አጥንት መዓት አለበት። የሕንጻው ትልቅ ሰው አቶ ገብረ ክርስቶስ ካፋቸው አንድ ባንድ እያወጡ ሳህናቸው ጠርዝ ላይ ይደረድራሉ።

«አባባ፣ አልተመቸዎትም?» አለ ገረመው።

«ኧረ ተመችቶኛል። ልብስ ሰፊ እንደነበርክ አውቃለሁ ልጄ። መርፌህን ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው እንዴ የተውከው?»

ሳቁ ኮሪደር ድረስ ተሰማ። የገረመው ጆሮ ጋለ። ነገሩን ልታበርድ ሀሊማ ወደ ባሏ ዞረች፤ «መጋረጃውን ተመልከት እስቲ ተማም፣ ራሱ ነው የሰፋው። የኛ እስካሁን በስፒል ተያይዞ ነው ያለው። የገረመውን እጅ አላህ ላንተም ቢሰጥህ ምን ነበረበት?»

ገረመው ግን ይህን አልሰማም፤ ትሪውን አንስቶ ኩሽና ገብቷል። ተማም ተከትሎት ገባና በሩን ዘጋ።

«ቀላል ነው ልትለኝ ነው» አለ ገረመው።

«አይደለም። ይኼ ቆሮሶ አይደለም፤ አጥንቱ ተለቅሞ አያልቅም። ከዳር እስከ ዳር አቀራርቦ መብጣት ነው፤ ቆዳው ሳይቆረጥ። ዘይቱ ሲገባበት አጥንቱ እንደ ቆሎ ይሆናል።» ሳይጠበስ ከቀረው አንዱን አነሳና በጣው። መስመሩ እዚህ ሰፋ፣ እዚያ ጠበበ፤ ሁለት ቦታ ላይ ቆዳው ተበሳ። «ይችን ለመማር ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። በመጀመሪያው ሀሊማ ጉሮሮ ላይ ተሰንቅሮ፣ ዳቦ ስናስውጣት ዋልን።»

«ታዲያ ለምን ቀላል ነው ትላለህ?»

«ከባድ ነው ብልህ ማን ይበላልኛል?»

ገረመው ስቆ የማያውቀውን ሳቅ ሳቀ። ቢላውን አሳለና ቀሪውን ዓሣ እንደ ጨርቅ በመዳፉ ወጥሮ ያዘው። ቢላው ሮጠ። ተርታው በሲንጀር የተሰፋ ይመስል ነበር፤ ቆዳው አልተነካም። ተማም አንገቱን አስግጎ አየና የራሱን ገፋ አድርጎ አስቀመጠ።

ሁለተኛው ትሪ ሲወጣ አቶ ገብረ ክርስቶስ ደጋግመው ጎረሱ፤ ሳህናቸው ጠርዝ ላይ ምንም አላረፈም። ተናኜ አንዱን ቁራሽ ቀምሳ ባሏን ቀና ብላ አየችው። ገረመው በዚያች ሰዓት ለተማም የራስነትን ማዕረግ ሊሰጠው ትንሽ ቀረው፤ ግን ለሌላ ጊዜ አቆየው።

ሰዉ ሲሸኝ ሀሊማ ኤለቬተሩን ይዛ ቆመች። ተማም ኮፍያ የረሳ መስሎ ከደጅ ተመለሰና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የሚመጣው እሑድ እኔ ጋ ነው። እኔ እይዛለሁ፣ አንተ ትበጣለህ፤ ቢላህን ይዘህ ና» አለ። «ብቻ ቀደም ብለህ ግባ፤ የኩሽናውን በር እንዘጋለን። ስትበጣ ሀሊማ እንዳታይህ፤ መጋረጃው ይበቃኛል።»