አምስት ኮከብ ከነገመናው

ፀጉር ሠሪዋ ስትደውል ሰሃን እያጠብሁ ነበር። «ጋሼ፣ እቴቴ ወደቁብን፤ ቶሎ ይምጡ» አለችኝ። ስደርስ ታላቅ እህቴ አርፋለች።

ሱቅ ባለበት ሁሉ ስለ ሱቁ ኢንተርኔት ላይ አስተያየት የሚጽፍ ሰው አይጠፋም። አብዛኛው የሚጽፈው ተናዶ ነው። ተናዶ ከሚጽፈው ይልቅ ግን ወድዶ የሚጽፈውን ፍሩ።

ክብርት ኮከብ አዳይ እህቴ ከአምስት በታች ሰጥታ አታውቅም። ሰውን ማመስገን ማለት ለእሷ ገመናውን መዘርዘር ነበር። ስለ ጫማ ሠሪው፦ «እጁ ወርቅ ነው። ሚስቱ ጥላው ከሄደች ወዲህ እንኳ ስፌቱ አልተዛነፈም።» ስለ ፋርማሲስቷ፦ «ምስጢር ጠባቂ ናት። ከእኛ በር ቀጥሎ ላለው ጎረቤቴ የኪንታሮት መድኃኒቱን በወረቀት ጠቅልላ ነው የሰጠችው።»

ጎረቤቱ ሰላምታ ነሳት።

«ምን አደረግሁት? ስሙን አልጠራሁ!»

«ከእኛ በር ቀጥሎ ያለው ብለሻል እኮ» አልኋት።

«ታዲያ እሱ ስም ነው?»

ስለ ፀጉር ሠሪዋ የጻፈችው ግን አላሳቀንም። «ይህችን ልጅ አበርቷት» ብላ ጻፈች። «ከሚደበድባት ባሏ አምልጣ የመጣች ናት። ከፀጉር ቤቷ ጀርባ ባለችው ክፍል ብቻዋን ስለምታድር፣ አምሽታችሁም ብታንኳኩ ትከፍታለች።» የበሩንም ፎቶ አያይዛለች።

ልጅቷ አልጮኸችም። ከሥሩ መልስም አልጻፈችም፤ «መልስ ብሰጥ እውነት ነው ማለቴ ነው» አለችኝ። ለእህቴ የነገረቻት ይህን ብቻ ነው፦ «እቴቴ፣ ሰውዬው እኮ እየፈለገኝ ነው።»

እህቴ ደረቷን መታች፣ አለቀሰች። ቤት ገብታም እንዲህ ስትል ጨመረችበት፦ «ውድ አንባቢያን፣ ስለ ባሏ ከላይ የጻፍሁትን እባካችሁ አታንብቡት። በተለይ ባልየው።»

ማጥፋት አትችልበትም ነበር። ቅዳሜ አብረን ልናጠፋው ተነጋገርን። ዓርብ ልጅቷን አይቻት ልምጣ ብላ ወጣች፤ የወደቀችው እዚያው ነው።

ስልኳ በምን እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። አስተያየቱ የወጣበትን ድረ ገጽ ለሚያስተዳድረው ድርጅት አመለከትሁ፤ «ጥቆማዎ ደርሶናል» አሉኝ። እየጠበቅሁ ሌሎቹን አነበብኋቸው። የጥርስ ሐኪሙ ዘንድ ስደርስ ሙሉ ስሜን ከነአባቴ አገኘሁት። «ታናሽ ወንድሜ ስልሳ ዓመት አልፎት መርፌ ሲያይ ያለቅሳል። ሐኪሙ አልሳቀበትም። እኔም የሳቅሁት ውጭ ወጥቼ ነው። ከእሱ ሌላ ሰው የለኝምና፣ እጁን ለያዘልኝ እግዜር ይስጠው።» አምስት ኮከብ።

ይህኛው አስተያየት እንዲነሳ አልጠየቅሁም።

ፀጉር ሠሪዋ አሁን የምታድረው እኛ ቤት፣ እህቴ አልጋ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ትቆማለች።

«ጋሼ፣ ጠፋ?»

እስካሁን አልጠፋም።