የዘይነባ አራተኛ ደረጃ

በእኛ አገር ብቻውን የሚፈተን ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ወንበሩ ላይ አንድ ሰው ተቀምጦ ይታያችሁ ይሆናል፤ ከኋላው ግን አንገቷን የምታሰግግ ጓደኛ፣ ከበር ውጭ ስለት የምትሳል እናት፣ አጥር ተደግፎ መልስ የሚያንሾካሹክ የአክስት ልጅ አለ። ወረቀቱን በክንዱ ከልሎ የሚሠራ ተማሪ በመንደራችን ስሙ ጎበዝ አይደለም፤ ስስታም ነው። ቂም ተይዞበት ያድጋል። ሠርጉ ላይ ሳይቀር "ያ እንኳ፣ በስምንተኛ ክፍል ፈተና ጀርባውን የሰጠኝ" ተብሎ ይነሳበታል። መኮረጅ ነውር ነው እንላለን፤ አለማስኮረጅ ግን ከነውርም ይከፋል። እንዲህ ሆነን ነው ያደግነው። እኔም ሰው የበደልኩት በዚሁ ደግነት ነው።

ዘይነባ ጎረቤቴ ናት። ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ፈንጠር ብሎ ካለው የሱቆች ረድፍ ላይ ሁለታችንም ለእስረኛ ጠያቂ የሚሆን ነገር እንሸጣለን፤ እኔ ሳሙናና ሶፍት፣ እሷ ቴምርና ብስኩት። ሱቆቻችንን የምትለያቸው አንዲት ቆርቆሮ ናት፤ እሷም ቀዳዳ ናት። ባሏ ሰይድ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ከወሎ አብረው ከመጡ ጀምሮ ኑሮው የጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። በስልክ ብታወሩት "እህ" እና "እሺ" ከሚሉት በቀር ቃል የተፈጠረለት አይመስላችሁም። ጣቱ ግን ሌላ ሰው ነው። መኪናውን ጥላ ሥር ሲያቆም ይጽፋል፤ ያውም ረጅም፣ ያውም የሚያምር። ዘይነባ ደግሞ ማንበብ አትችልም። ስለዚህ ስልኳን በቆርቆሮው ቀዳዳ ታቀብለኛለች፤ እኔ አነብላታለሁ።

አስቡት እንግዲህ። ሰይድ ሲናፍቃት የምናፍቃት እኔ ነኝ። ሲቆጣትም የምቆጣት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ስለ እናቷ አጉል ነገር ጽፎላት ባነብላት፣ ሁለት ቀን ሙሉ አኩርፋ ያላናገረችው እሱን ሳይሆን እኔን ነው። በሦስተኛው ቀን ስትታረቀኝ፣

"ወላሂ ፀሐይ፣ ከባሌ ጋር እንኳ ለብቻዬ ሳልጣላ ላረጅ ነው" አለችኝ።

ስቃ ነው ያለችው። ስቄ ነው የሰማሁት። ማታ ስተኛ ግን ሳቁ አልመጣልኝም።

ታዲያ አንድ ቀን በወረዳው አዳራሽ የጎልማሶች ትምህርት ሊጀመር ነው ተባለ። አምስት ደረጃ አለው፤ ከፊደል ቆጠራ ተነሥቶ ማመልከቻ እስከ መጻፍ ይደርሳል። ዘይነባ ከሁሉ ቀድማ ተመዘገበች። "የሰይድን መልእክት ራሴ አነበዋለሁ፤ አንቺ ከቤቴ ትወጪያለሽ" እያለች ትዝትብኛለች። እኔም ተከትያት ተመዘገብኩ። ከስድስተኛ ክፍል ካቋረጥኩ ወዲህ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ጀምሮ፣ ከሳሪስ አሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ የኖርኩ ሴት ነኝ። ምን ፈልጌ ተመዘገብኩ? እውነቱን ልንገራችሁ፤ አንድ የሚመለከተው አካል "አንቺማ ትልቅ አንባቢ ነሽ" እንዲለኝ ፈልጌ ነው። ከተቻለም በማኅተም።

ደረጃ የሚያወጣልን ፈተና በታብሌት ነበር። ሚኪያስ የሚባል ትሑት ወጣት አስተባባሪ ፊታችን ቆሞ አስረዳን። "ይሄ ማለፍና መውደቅ የለበትም" አለ። "ለሁላችሁም አንድ ዓይነት ጥያቄ አይመጣም። ስትመልሱ ከበድ ያለ ይመጣል፤ ስትስቱ ቀለል ያለ። እንዲህ ከፍ ዝቅ እያለ፣ ግማሹን የምትመልሱበትና ግማሹን የምትስቱበት ቦታ ላይ ያገኛችኋል። ትምህርታችሁ የሚጀምረው እዚያ ነው።" ጥያቄዎቹም እኩል አይደሉም አለን። የእያንዳንዱ ክብደት፣ ስንቱን ሰው እንዳስቸገረ አስቀድሞ ታይቶ ይታወቃል፤ አሥር የመለሰ ሁሉ አንድ አይደለም። በመጨረሻም መሣሪያው ደረጃችሁን ብቻ ሳይሆን፣ በዚያ ደረጃ ላይ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ ጭምር ይናገራል። ይሄን ስሰማ ወደድኩት። ስለ ሰው ፈርዶ ሲያበቃ "ይህን ያህል ልሳሳት እችላለሁ" የሚል ፍጡር በእድራችን እስካሁን አልገጠመኝም።

ወደድኩት እንጂ አላደመጥኩትም። ከዘይነባ ጎን ተቀመጥኩ። የመጀመሪያ ጥያቄዋ ቀላል ነበር፤ የውሃ ብርጭቆ ሥዕል፣ ከሥሩ አራት ቃላት። ጣቷ አየር ላይ ቀረች። ያቺ ቴምር ስትዘግን ከሚዛን እኩል የምታውቅ ጣት የምትነካው ጠፋት። አንጀቴ አልቻለም። በጠረጴዛው ሥር ጉልበቷን ሦስት ጊዜ ቆነጠጥኳት። ሦስተኛው ነው ማለቴ ነው። ወዲያው ገባት! ለካ ይሄን ቋንቋ ማንም ሳያስተምረን ሁላችንም እንችለዋለን።

መሣሪያው "ይቺ ሴትዮ ቀላል አይደለችም" ብሎ ከበድ ያለ አመጣ። ቆነጠጥኩ። ዓረፍተ ነገር መጣ፤ ቆነጠጥኩ። አንቀጽ መጣ፤ አንብቤ ቆነጠጥኩ። ከዚያ እልህ ያዘኝ። የራሴን ታብሌት ትቼ በሰው ጉልበት ላይ እራቀቅ ጀመር። ሚኪያስ በአጠገባችን ሲያልፍ እጄን ስሰበስብ፣ ዘይነባ የመሰላትን ትነካለች፤ ትስታለች፤ ቀለል ያለ ይመጣል፤ እሱንም ትስታለች። ልጁ ሲርቅ እንደገና ሽቅብ እንወጣለን። ሲያልቅ ለዘይነባ አራተኛ ደረጃ ወጣላት። ኋላ የራሴን ስሠራ ለእኔም አራተኛ ወጣ። መሣሪያው ምን ያድርግ? ሁለት ጊዜ የለካው እኔን ነው።

ሚኪያስ ግን ወደ ጎን ጠራን።

"እትዬ ዘይነባ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ውጤትዎ ላይ መሣሪያው እርግጠኛ አይደለም። ከባዱን መልሰው ቀላሉን ስተዋል፤ እንዲህ ያለ መልስ እርስ በርሱ አይገጥምም። ነገ ብቻዎን ቢደግሙትስ? ሃያ ደቂቃ ነው።"

ዘይነባ አየችኝ። አፏ "እሺ" ሊል ነበር፤ ዛሬም ቢሆን እምልላችኋለሁ። እኔ ግን ቀደምኳት።

"ምን ማለት ነው? ሌባ ነሽ ልትላት ነው? ቴምር ቸርቻሪ ስለሆነች? የባለሥልጣን ሚስት ብትሆን ድገሚ ትላት ነበር?"

አዳራሹ ሁሉ ዞረ። ከወዲያ ከወዲህ "እውነቷን ነው!" ተባለ። ልጁን ላብ አጠመቀው። "ይቅርታ እትዬ፣ እንደዚያ ማለቴ አይደለም" ብሎ መዝገቡ ላይ አራተኛ ደረጃ ጻፈላት። መሣሪያው ጠርጥሯል፣ ልጁም ጠርጥሯል፤ የእኔ ምላስ ለሁለቱም በቃ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቃል የሚመለስበት መንገድ የለም።

መማሪያ ክፍሎቹን የሚለያቸው ስስ የችፑድ ጣውላ ነው። በዚህኛው በኩል እኛ አራተኛዎች "ስለ አካባቢያችሁ አንድ አንቀጽ ጻፉ" እየተባልን እናቃስታለን። በዚያኛው በኩል አንደኛዎቹ "በ፣ ቡ፣ ቢ" እያሉ ግድግዳውን ያናጉታል፤ ይሳሳታሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ይጨበጨብላቸዋል። ዘይነባ ከእኔ ደብተር ላይ የፊደሉን ቅርጽ እንደ ጥልፍ እያየች ትገለብጣለች። አንድ ከሰዓት ቀና ስል ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ዱዓ የምታደርግ መሰለኝ። አይደለም። ጆሮዋን ወደ ችፑዱ ዘንበል አድርጋ፣ ድምፅ ሳታወጣ፣ ከእነዚያ ጋር "በ፣ ቡ፣ ቢ" ትላለች።

ያኔ መነሣት ነበረብኝ። "የቆነጠጥኩት እኔ ነኝ፤ ወደዚያ አሻግሯት" ማለት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። በሰው ፊት ያዋረድኩትን ልጅ ደግሞ ሄጄ ልክ ነበርክ ልበለው? ከበደኝ። ይልቅ ኃላፊነቱን ወደ እሷ ገፋሁት፤ "አንደኛ ደረጃ ብትገቢስ?" አልኳት በጆሮዋ።

"አብደሻል እንዴ? ሰፈሩ እንኳን ደስ አለሽ ብሎኝ! ሰይድ ጋራዥ ላገኘው ጓደኛው ሁሉ ሚስቴ አራተኛ ገባች እያለ! ምን ብዬ ልውረድ?"

ያን ሰሞን ሰይድ መኪናው ጋራዥ ገብታ እቤት ነበር። እሱ ወደ መንገዱ በተመለሰ ማግሥት ዘይነባ ገበያ በዛብኝ ብላ ትምህርቱን ተወች። ለእሱ አልነገረችውም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄው ነው።

ሳምንት ሳይሞላ ስልኳ በቀዳዳው መጣ። "እስቲ ይሄ ሰውዬ ምን ይላል?" አለችኝ። እንደ ወትሮዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ጀመርኩ።

"ዘይነባ፣ እስካሁን ሰው እንደሚያነብልሽ ስለማውቅ ግማሹን እየዋጥኩ ነበር የምጽፍልሽ። አሁን አንቺው ታነቢዋለሽና፣ ለማንም ያልነገርኩትን..."

ቆምኩ። ከሥሩ ገና ብዙ አለ።

"ቀጥዪ እንጂ" አለች ከቆርቆሮው ማዶ።

"ላንቺ ብቻ ነው የሚለው፣ ዘይነባ።"

ውጭ ጠያቂዎች በወረፋ ይጣላሉ። "ላስተምርሽ" አልኳት፤ "ከሀ እንጀምር፤ ጥቂት ወር ታግሠሽ አንቺው ታነቢዋለሽ።"

"ባሌ የሆዱን ነግሮኝ ጥቂት ወር ዝም ልበለው? አንብቢው። ድምፅሽን ብቻ ቀንሺ።"

አነበብኩላት። ምን እንደሚል አትጠይቁኝ፤ እኔም ባላውቀው ይሻለኝ ነበር። ስጨርስ አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማኋት።

"በይ አሁን መልሱን ጻፊልኝ" አለች። "ደግሞ እንደ ራስሽ አድርገሽ እንዳታሳምሪው። አራተኛ ደረጃ የገባች ሴት የምትጽፈውን ያህል ይሁን።"

ጻፍኩላት። እንዲያምናት ብዬ ሁለት ቦታ አውቄ ሳትኩ። ስህተቱ እንኳ የእሷ አልሆነም።